ያልተነሣው ክልከላ

ሀስና የዚያን ቀን ትምህርት ቤት የሄደችው ለመለመን ነበር። ይህን አስቀድሞ መናገር ይሻላል፤ ኋላ መርሳ ላይ የተወራው ሌላ ነውና። «የሹፌሩ ሚስት ርእሰ መምህሩን ልክ ልካቸውን ነገረቻቸው» ነው የተባለው። አልነገረቻቸውም አልልም። ግን ቤቷን ዘግታ ስትወጣ ሐሳቧ ያ አልነበረም። ልጇን አጥባ፣ ቅባት ቀብታ፣ አዲስ ጫማ አጫምታ፣ ለጥበቃው ሳይቀር «አሰላሙ ዐለይኩም» እያለች አንገቷን ደፍታ ነው የገባችው።

መስከረም 2018 ነው። ለኦ ክፍል የሚመዘገቡት ልጆች ከነእናቶቻቸው ቢሮው ፊት ለፊት ተሰልፈዋል። ርእሰ መምህሩ አቶ ብርሃኑ ጠረጴዛቸውን ውጭ አስወጥተው እያንዳንዱን ልጅ ስሙንና የአባቱን ስም ይጠይቃሉ። ከሀስና ፊት የተሰለፈችው የጎረቤቷ የአሚና ልጅ ናጅዋ ስሟን ስትጠየቅ የአያቷንም፣ የፍየላቸውንም ስም ጨምራ ነግራ ሰዉን ሁሉ አሳቀች። ሀስናም ሳቀች፤ ሆዷ ግን አልሳቀም። ናጅዋና ሙስዐብ የተወለዱት በአንድ ሳምንት ነው።

ተራው ደረሰ።

«ስምህ ማነው ጎበዝ?» አሉ አቶ ብርሃኑ።

ሙስዐብ እስክሪብቷቸውን አየ።

«እሺ፣ የአባትህስ ስም?»

ልጁ ወደ እናቱ ቀሚስ ኋላ ዞረ። ጨርቁን በሁለት እጁ ጨብጦ ፊቱን ቀበረበት።

«ይናገራል ጋሼ። ቤት ይናገራል። ሰው ፊት ነው እንጂ» አለች ሀስና። እውነቷን ነው፤ ይናገራል። ለእሷ ብቻ፣ አንድ አንድ ቃል እየቆነጠረ፦ ውሃ። ዳቦ። መኪና። ከሁሉ የረዘመው «እማ ነይ» ነው። አምስት ዓመት ከአምስት ወሩ ነው እንግዲህ።

አቶ ብርሃኑ ክፉ ሰው አይደሉም። ሃያ ስምንት ዓመት ያስተማሩ፣ የሚያለቅስ ልጅ ከረሜላ ሰጥተው የሚያባብሉ ሰው ናቸው። እንደገና ጠየቁት። እንደገና ዝም። መነጽራቸውን አወለቁና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለእሷ አዝነው፣ «ልጄ፣ ይሄ ልጅ አልደረሰም። አንዷ መምህርት ሰማንያ ልጅ ነው የምትይዘው። አንድ ዓመት ቤት አቆዪው» አሏት።

ቤት አቆዪው።

የሀስና ደም ፈላ። ሌላ ምንም ቢሏት ትችለው ነበር። ደደብ ነው ቢሏት አልቅሳ ትሄድ ነበር።

«ምን አሉ?»

«አንድ ዓመት ብቻ፣ ቤት…»

«ቤት አቆይቼው ነዋ! ይሄ ልጅ እንዲህ የሆነው ቤት አቆይቼው ነው! አቆዪው ብላችሁኝ!»

«እኔ መቼ አልኩሽ?» አቶ ብርሃኑ ደነገጡ።

«እናንተ! እስክሪብቶ የያዘ ሁሉ! አንዳችሁ ትመጡና ዝጊ ትላላችሁ፤ ክፈቺ የሚል ይጠፋል! ወላሂ ሁለተኛ አልዘጋም! ከፈለጉ የርስዎን ልጆች ይቆልፉባቸው!»

አሚና «ሀስና፣ በአላህ» ብላ ክንዷን ያዘቻት፤ መንጭቃ ተላቀቀች። አቶ ብርሃኑ ሰው ፊት የተሰደበ ትልቅ ሰው እንደሚያደርገው ወረቀታቸውን አስተካከሉ። «መማር ይችላል የሚል ከጤና ባለሙያ ጽሑፍ ካመጣሽ እናያለን። ቀጣይ!» አሉ።

ሀስና ልጇን አንጠልጥላ መናኸሪያ ወረደች። የጤና ባለሙያ? የጤና ባለሙያማ ታውቃለች። አንዲት አለች፤ ብሌን የምትባል፤ አሁን ወልድያ ቢሮ ውስጥ ወንበር ይዛለች ይባላል። ሚኒባሱ ሲሪንቃን እስኪያልፍ ድረስ ቁጣዋ አልበረደም፤ ይልቅ የድሮውን እያነሣሣች ታነደው ነበር።

ሙስዐብ ሲወለድ፣ ሚያዝያ 2012፣ አገሩ ሁሉ ኮሮና ኮሮና ይል ነበር። ባሏ ዛኪር የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ያኔ የጅቡቲ ሹፌር ማለት በሽታው ራሱ ሱሪ ለብሶ የሚሄድ ነበር የሚመስላቸው። ሰፈሩ ቤታቸውን በሩቅ ያልፈው ጀመር። ብሌን ደግሞ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረችና በየሁለት ቀኑ ትመጣለች። የአጥሩ በር ላይ ቆማ ከወረቀት ታነባለች፦ ሕፃኑን ማንም እንዳያቅፍ። ማንም እንዳይስም። አራስ ጠያቂ እንዳይገባ። ስታጠቢ ማስክሽን እንዳታወልቂ። አባቱ ከመንገድ ሲመጣ ውጭ ይቁም።

ሀስና ሁሉንም አደረገች። አራስ ሊጠይቁ ገንፎ ይዘው የመጡትን ሴቶች ከበር መለሰች። የገዛ እናቷ ከውርጌሳ መጥታ የልጅ ልጇን በአጥር ላይ አይታ፣ ዱዓዋን እዚያው ቆማ አድርጋ ተመለሰች። ዛኪር ጋቢናው ውስጥ እየተኛ፣ ጠዋት ጡሩምባ ነፍቶ እጁን ያውለበልባል። ልጁ ከሁሉ አስቀድሞ «መኪና» ያለው ወዶ አይደለም።

ማስኩን ከዛኪር ሸሚዝ ራሷ ሰፍታ ሦስት ነበራት። በአንዱ ታጠባለች፣ ሌላው ይታጠባል፣ ሌላው ይደርቃል። ቤት ውስጥም አታወልቅም፤ እንዳታወልቂ ተብላለች። አንድ ቀን፣ ሙስዐብ ስምንት ወር አካባቢ ሆኖት፣ እየጠባ እጁን ዘርግቶ ማስኩን ወደ ታች ሳበው። እጁን መታችው። አላለቀሰም፤ ዓይኗን ብቻ አየ፤ ሌላ የሚታይ አልነበራትማ። ከዚያ ወዲያ አልሳበውም። ሀስና ያቺን ምት ስታስታውስ ዛሬም መዳፏ ይቃጠላል፤ መጀመሪያ ራሷን፣ ቀጥሎ ያዘዟትን ሁሉ ትጠላለች።

አሚና ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ብሌን ስትመጣ «እሺ፣ እሺ የኔ እናት» ትላለች፤ ዞር ስትል ናጅዋን ካንዱ ጀርባ ወደ ሌላው፣ ከአክስት ወደ ጎረቤት ታዞራታለች። ልጅቷ አፈር በላች፣ የሰው ጆሮ ጎተተች፣ ሰፈሩ ሁሉ እየተንጫጫባት አደገች። ብሌን «እስቲ ከሀስና ተማሩ!» እያለች ሴቶቹን ትቆጣ ነበር። እንዲያውም ሀስና ሞዴል ቤተሰብ ተብላ የምስክር ወረቀት ተሰጣት፤ በሩ ላይ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ማስኳን አድርጋ ፎቶ ተነሣች። ያኔ ኮርታ ነበር። ሞኝ!

ጥቅምት 2013 ብሌን ወደ ወልድያ ተዛወረች። በእሷ ምትክ ማንም አልመጣም።

እዚህ ላይ የከተማ ሰው «ታዲያ ለምን አልተወችውም?» ይላል። ገበያው ማስክ መጣሉን አላየችም? አይታለች። ግን መርሳ ላይ የመንግሥት ነገር እንደዚያ አይደለም። ክትባት ሲሆን ሰው በር ድረስ መጥቶ ጀመርን ይላል፤ ሲያበቃም መጥቶ በኖራ ምልክት አድርጎ ይሄዳል። የወባ መድኃኒት ሲረጭም ውጡ ያለው ሰው ነው ግቡ የሚለው። ገበያው የጣለው ገበያው ስላልታዘዘ ነው፤ ገበያው መቼ ታዝዞ ያውቃል? ሀስና የታዘዘችው በር ድረስ በመጣ ሰው ነው። ስለዚህ በር ድረስ መጥቶ «በቃ» የሚላትን ሰው ጠበቀች። ሞዴል ናታ! ጥር አለፈ፣ ሚያዝያ አለፈ። ክረምቱ ሲገባደድ ጦርነቱ መጣና ሁሉም በሩን ዘጋ። ያ ሁሉ አልፎ ሙስዐብ ከሌላ ልጅ ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ ሁለት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። አልጋ ሥር ገባ።

ወልድያ ስትደርስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ቢሮውን ጠይቃ አገኘችው። ብሌን ወፍራለች፣ ፀጉሯን አሳጥራለች፤ ጠረጴዛዋ ላይ ኮምፒውተርና የአበባ ማሰሮ አለ። ሀስናን ስታይ ወዲያው አወቀቻት፤ ስታውቃትም ፈገግታዋ ጠፋ።

«ሀስና! እንዴት ነሽ? ልጁ እንዴት… ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው። ስሙን ጠይቂው።»

ብሌን ጎንበስ አለች። «ስምህ ማነው ማሙሽ?» ሙስዐብ የእናቱ ቀሚስ ውስጥ ገባ። ብሌን ሁለተኛ አልጠየቀችም። ቀስ ብላ ቀና አለችና ወንበር ሳበችላት።

«አልቀመጥም። ታውቂ ነበር አይደል?» አለች ሀስና። ከየት እንደመጣላት አታውቅም፤ የብሌን ፊት ነው የነገራት።

«ምኑን?»

«እንዲህ እንደሚሆን።»

ብሌን በሩን አየች፤ ዝግ ነው። ከዚያ እንደ ሥልጠና ሳይሆን እንደ ሰው መናገር ጀመረች። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ስብሰባ ላይ ሰምታለች። በዚያ ጊዜ የተወለዱ ሕፃናት በየአገሩ ሲታዩ ብዙዎቹ በንግግር ዘግየት ብለው ተገኝተዋል። የሕፃን አእምሮ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚሠራው ፊት በማየት፣ ድምፅ ሲያወጣ ድምፅ ሲመለስለት፣ ብዙ ሰው ሲያጫውተው ነው። ማስኩ ይሁን፣ መዘጋቱ ይሁን፣ የእናት ጭንቀት ይሁን፣ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። ለአንድ ልጅ ደግሞ ምክንያቱ ይሄ ነው ማለት አይቻልም። «ግን አእምሮው አልተዘጋም ሀስና። ገና ነው። ልጆች መሀል ከዋለ ይይዛል። ቤት ማስቀመጥ ነው የሚጎዳው።»

«ሁለት ዓመት?» አለች ሀስና። የሰማችው ያን ብቻ ነው። «ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄን አውቀሽ፣ ከዚህ መርሳ አንድ ሰዓት አይሞላም፣ አልመጣሽም?»

«አስቤሽ ነበር። እግዜር ያውቃል፣ ያን ቀን ስብሰባው ላይ ያሰብኩት አንቺን ነው። አፈርኩ። ምን ብዬ ልምጣ?»

«‹በቃ› ብለሽ ነዋ! ‹ዝጊ› ለማለት በሁለት ቀን አንዴ ስትመጪ ደክሞሽ ያውቃል?»

ብሌን አፏን ከመክፈቷ በሩ ተበረገደ። አንዲት ቦርሳ ያዘለች ልጅ እየሮጠች ገባች፤ ከግል መዋዕለ ሕፃናት በባጃጅ ያመጧት። «እማ፣ እማ፣ ዛሬ መምህሯ እኔን አለቃ አደረገችኝ! ይሄ ማነው? ለምንድነው የተደበቀው? ስሜ አዜብ ፍሰሃ ነው፤ ጥቅምት ላይ ስድስት ዓመት ይሞላኛል። አንተስ?»

ሀስና ቆጠረች። ጥቅምት ላይ ስድስት ዓመት። ኮሮና ሲገባ የጥቂት ወር ሕፃን ነበረች ማለት ነው።

«ያኔ ይቺ ልጅ የት ነበረች?»

ብሌን ጠረጴዛዋን አየች። ልጅቷ ግን ዝም ማለትን አታውቅም፤ ማን አስተምሯት? «መርሳ ነበርኩ! የእማማ ምሉእ ጀርባ ላይ ነው ያደግኩት፣ አይደል እማ? ግቢው ውስጥ ሰባት ቤት ነበር። ሁሉም እየተሻሙ ያዝሉኝ ነበር፣ እማ ናት የነገረችኝ።»

ብሌን ልጇን ወደ ራሷ ሳበቻት። «ምን ላድርግ ሀስና? ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነበርኩ። ከጎረቤት ጋር ካልተውኳት የት…»

«ሥራሽ ምን ነበር?» አለች ሀስና። ድምፅዋ ወርዷል፤ ከጩኸቱ የከፋው ይሄ ነው። «የኔን በር መዝጋት።»

ብሌን አለቀሰች። ሀስና አላዘነችላትም፤ ልታዝንላት አልሞከረችም። ብሌን ዓይኗን ጠርጋ ወረቀት ሳበችና፣ ትምህርት ቤቱ ጽሑፍ መጠየቁን ስትሰማ፣ ልጁ ከእኩዮቹ ጋር መማር እንዳለበት ጻፈች። አነበበችላት።

«ለምን እንደዘገየም ጻፊ» አለች ሀስና። «ክልከላውን ያነሣ ሰው እንዳልነበረ።»

እስክሪብቶው ቆመ። «ያን መጻፍ አልችልም። የኔ ሥልጣን አይደለም። ከላይ…»

«እንግዲያው ያዢው።»

ሀስና ልጇን አንሥታ ወጣች። መናኸሪያ እስክትደርስ ኩራቷ አብሯት ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ስትቀመጥ ጥሏት ሄደ፦ ወረቀቱን ለምን አልወሰድኩም? ሙስዐብ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ «መኪና» ይላል። «አዎ፣ መኪና» ትለዋለች። ለዛኪር ደወለች፤ ሚሌ አካባቢ ነበር። «ተይው፣ በአላህ ፈቃድ ይናገራል» አላት። «በአላህ ፈቃድማ ይናገራል፤ የከለከሉት ሰዎች ናቸው» ብላ ዘጋችበት።

ትምህርት በተጀመረ ዕለት ጠዋት ማንንም ሳትጠይቅ ኦ ክፍል ገባች። የመጨረሻው አግዳሚ ጫፍ ላይ ሙስዐብን አስቀመጠችው፤ ቀሚሷን ከእጁ አንድ ጣት አንድ ጣት እያለች አላቀቀች። ከዚያ ወጥታ የክፍሉ ደፍ ላይ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ተቀመጠች። ልጁ ጮኾ አለቀሰ። ዞር ብላ አላየችም። ጥርሷን ነክሳ ግቢውን አየች።

አቶ ብርሃኑ መጡ። «ጽሑፉስ?»

«የለም።»

«ሀስና፣ ሕግ አለ።»

«ጥበቃውን ይጥሩ ጋሼ። ተሸክሞ ያውጣኝ። እኔ በእግሬ አልወጣም፤ ልጄም አይወጣም። አንዴ ታዘዝኩ፤ ይበቃኛል።»

አቶ ብርሃኑ ጥበቃውን አዩ፤ ጥበቃው ሰማዩን አየ። የሴት ገላ ነክቶ ከእነዛኪር ጋር ማን ይጣላል? መምህርቷ ወጣት ናት፤ ቀኑ ገና ሳይጀመር ድምፅዋ ዘግቷል። ከውስጥ ሆና «ጋሼ፣ ሰማንያው ላይ አንድ ቢጨመር ምን ይለኛል? እሱ እንደሆነ አይረብሽ። ይቀመጥ» አለች። አቶ ብርሃኑ «ለዛሬ» ብለው ሄዱ።

ለቅሶው ቆመ። ሀስና ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ጣለች። የሌሎች ልጆች ጫጫታ ብቻ ነው የሚሰማው። የእሷ ልጅ ድምፅ የለም። ፀሐዩ ከረረ። እረፍት ሆነ፤ ሙስዐብ አልወጣም፤ በበሩ አጮልቃ ስታየው አግዳሚው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ልትገባ ተነሣች፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ዛሬ እንደማስክ ልትጋርደው አልፈለገችም።

ከእረፍት በኋላ ልጆቹ ገቡ። ትንሽ ቆይቶ ውስጥ ግርግር ሆነ፤ አግዳሚ ወደቀ፣ አንድ ልጅ ጮኸ። መምህርቷ በአንድ እጇ ሙስዐብን፣ በሌላው ጉንጩ የተቧጨረ ልጅ ይዛ ወጣች። ጩኸቱን የሰሙት አቶ ብርሃኑም ደረሱ።

«ይኸው ልጅሽ!» አለች መምህርቷ። «አይረብሽ ብዬ ጠበቃ የቆምኩለት! ጀብሪል ገፋ አድርጎት ቢቀመጥ ፊቱን ቧጨረው። እንደዚያ እየጮኸ!»

ሀስና ተነሣች። «ጮኸ? አፍ አውጥቶ?»

«ክፍሉ ሁሉ ሰምቶታል።»

«ምን ብሎ?»

«‹ሂድ! የኔ ቦታ!› ብሎ ነዋ!»

ሀስና ልጇን አየችው። ፊቱ በእንባና በንፍጥ ተለውሷል፤ አፍንጫው ይነፋል፤ ቀሚሷን ግን አልያዘም። ሦስት ቃል። በሰው ፊት፣ ለሰው። ደስታ መስሏት ነበር የመጣው፤ ቁጣ ነው። ለሦስት ቃል አምስት ዓመት! ይሄን ልጅ ገፍቶ የሚያናግረው አንድ ባለጌ እኩያ ማግኘት ነበር የጎደለው፤ እሷ ስንቱን ባለጌ ልጅ ከበር መለሰች። እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

«ያለቅሳል እንዴ ሰው፣ ልጅ ለተጣላ?» አሉ አቶ ብርሃኑ ተጨንቀው። «ይልቅ እዚሁ ፊታችን ቅጪውና ጀብሪልን ይቅርታ ይጠይቅ፣ ይግቡ።»

«አልቀጣውም» አለች ሀስና።

«እንዴ! ነገስ ቢደግመው?»

«ይድገመው።»